ማንዳሪን ዓሣ በቡታጅራ ሳሎን

ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው ስለ ባሕር ዓሣ ሲያነሡበት አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጨው ነው። ቡታጅራ ላይ የባሕር ውኃ ከየት ይመጣል? ወልቂጤስ ማን አምጥቶ ይሸጠዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም አለው፤ ከታች እመጣበታለሁ። ሆኖም ለውበቱ ሲባል ከኮራል መካከል ተለቅሞ በሰው ሳሎን መስታወት ውስጥ የገባ ማንዳሪን ዓሣ ሲሞት፣ ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ጨው አይደለም፤ ረኃብ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚኖር፣ ንጹሕ የባሕር ውኃ በባልዲ መቅዳት የሚችል አርቢም ዓሣውን በዚሁ ረኃብ ያጣዋል። ስለዚህ ቡታጅራና ወልቂጤ ከባሕር መራቃቸው የሚመስለንን ያህል አይጎዳቸውም። የሚጎዳቸው ሌላ ነው።

ዓሣውን እንወቀው። ማንዳሪን ከአንድ ጣት እምብዛም አይበልጥም፤ ቢያድግ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አገሩ ከጃፓን ደቡባዊ ደሴቶች እስከ አውስትራሊያ የተዘረጋው የምዕራብ ፓሲፊክ ባሕር ሲሆን፣ ሞገድ በማይበረታበት ጥግ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ በኮራል ስብርባሪ መካከል ይውላል። ለሳይንስ መጀመሪያ የመዘገበው አሜሪካዊው አልበርት ሄሬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927፣ ከፊሊፒንስ ባገኘው ናሙና። ገላው ሰማያዊ ነው፤ በሰማያዊው ላይ ብርቱካንማና አረንጓዴ መስመሮች ይጠማዘዛሉ። በብዙዎቹ ዓሦችና ወፎች ላይ የምናየው ሰማያዊ እውነተኛ ቀለም አይደለም፤ በቆዳው ወይም በላባው ውስጥ ያሉ ደቃቅ ንጣፎች ብርሃንን ሲመልሱ ለዓይናችን ሰማያዊ ይመስላል። ማንዳሪን ግን ሰማያዊ ቀለም በሕዋሱ ውስጥ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ሕዋስ ሲያሳውቁ፣ የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት መካከል መጀመሪያ የታየው በእሱና በአንድ የቅርብ ዘመዱ ላይ ነበር። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚህ ቀለም ነው፤ አይፈረድበትም።

ቅርፊት የለውም። በቅርፊት ፋንታ ወፍራም፣ የሚሸትና ለበላተኛ የሚመር ዝልግልግ ፈሳሽ ገላውን ይሸፍናል። አፉ በጣም ትንሽ ነው። ቀኑን ሙሉ በክንፎቹ ተደግፎ በድንጋዩ ላይ እየተንሳፈፈ፣ ዓይኖቹን እያዟዟረ፣ አንዲት ነገር ይለቅማል፣ ጥቂት ፈቀቅ ይልና ሌላ ይለቅማል። የሚለቅመውም በአብዛኛው ኮፔፖድ የተባሉ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ፣ የሽሪምፕ ወገን የሆኑ ሕያዋን ናቸው፤ ደቃቅ ትሎችና ቀንድ አውጣዎችም ይጨመሩበታል። ጠዋትና ማታ ቁንጥር መኖ በውኃው ላይ ብትበትኑለት ምግብ መሆኑን አያውቅም። ለእሱ ምግብ ማለት በድንጋይ ላይ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ነው።

ባለቤቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓሣው ሲለቅም ያየዋል፤ «ይበላል» ብሎ ይረጋጋል። መልቀምና መጥገብ ግን ይለያያሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በድንጋዩ ላይ የነበሩት ኮፔፖዶች ያልቃሉ፣ ዓሣው ግን መልቀሙን አያቆምም፤ ባዶ ድንጋይም ቢሆን ይፈትሻል። ቀለሙ ለብዙ ጊዜ አይደበዝዝም። የሚለወጠው ሆዱ ነው፤ ከጎን ሲታይ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከላይ ሲታይ ደግሞ ከጭንቅላቱ ጀርባ ያለው ሥጋ ይሟሽሽና አጥንቱ ይወጣል። ይህን ለማየት ከላይ መመልከት ያስፈልጋል፤ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ግን ከፊት ለፊት ያለውን ጌጥ ብቻ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ሲሞት «በሽታ ገባበት» ይባላል፤ መድኃኒት ይገዛል። የባሕር ዓሣ ጥገኛ ተባዮችን ለማጥፋት ከሚሸጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ መዳብ አለባቸው፣ መዳብ ደግሞ ኮፔፖድን ይፈጃል። ስለዚህ የሚቀጥለው ማንዳሪን የሚገባው የበለጠ ባዶ ወደሆነ ቤት ነው።

አንድ አዲስ የመስታወት ገንዳ በጨዋማ ውኃ ተሞልቶ፣ ፓምፕ ተገጥሞለት፣ ድንጋይ ሲደረደርበት ባሕር ይመስላል፤ ገና ግን ባሕር አልሆነም። የዓሣ እዳሪና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናሉ፤ አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንጋዩ ላይ እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በባሕር ውኃ ነገሩ ይጠብቃል፤ የባሕር ውኃ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) 8.2 አካባቢ ስለሆነ፣ ፒኤቹ 7 ከሆነ ውኃ ጋር ሲነጻጸር ከአሞኒያው መርዛማ የሚሆነው ድርሻ ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ብዙ ሰው ይህን ስድስት ሳምንት ይታገሣል፤ መለኪያው አሞኒያ ዜሮ ሲያሳየው ማንዳሪኑን ያመጣል። እዚህ ላይ የጉራጌ ሰው ከሌላው የተሻለ ሊገባው የሚገባ ነገር አለ፤ ገንዳው እንደ ቆጮ ጉድጓድ ነው። የተፋቀው እንሰት በኮባ ተሸፍኖ ሲቀበር በሁለተኛው ሳምንት የሚሸት ነገር አለው፣ መብሰል ጀምሯል፤ ማንም ግን በዚያ ቀን አውጥቶ ለእንግዳ አያቀርብም። ባክቴሪያው መጀመሩ አንድ ነገር ነው፤ ሥራውን መጨረሱ ሌላ። በገንዳው ውስጥ ከባክቴሪያው በኋላ አልጌ ይመጣል፣ ከአልጌው በኋላ አልጌ የሚበሉት ደቃቆች፣ ከእነሱም በኋላ ብዛታቸው ተበልቶ የማያልቅበት ደረጃ። ለዚህ ቢያንስ ስድስት ወር ይጠበቃል፤ ዓመት ቢሆን ይመረጣል። ስፋትም ያስፈልጋል። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ለአንድ ማንዳሪን 280 ሊትር ገደማ የሚይዝና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ የሞላው ገንዳ ይመክራሉ፤ ቁጥሩ ሕግ አይደለም፣ ግን ያነሰው ሁሉ የሚያስርብ ነው ብሎ መነሣት አያሳስትም።

ኮፔፖዱን ለብቻው ማርባት ይቻላል፤ እንዲያውም ያለዚህ መጀመር አይገባም ባይ ነኝ። ሥራው ብዙ አይደለም። አንድ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ጨዋማ ውኃ፣ ቀስ ብሎ አረፋ የሚያወጣ የአየር ፓምፕ፣ ትንሽ መነሻ ዘር፣ ምግብ። እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ መልሶ እስኪወልድ እንደ ዓይነቱና እንደ ሙቀቱ ከሳምንት እስከ ጥቂት ሳምንታት ነው። ምግባቸው አልጌ ነው፤ አልጌ ለማሳደግ ደግሞ ብርሃን። ሰሜን አውሮፓ ያለ አርቢ ስድስት ወር ሙሉ በመብራት የሚያሳድገውን፣ እዚህ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ዓመቱን ሙሉ በነፃ ይሰጣል። የደረቀ ስፒሩሊና ዱቄትም ያገለግላል፤ በጣም ጥቂት፣ ውኃው በጭንቅ አረንጓዴ እስኪል። ስፒሩሊና ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከሻላ አጠገብ ያለውን የጭቱን ሐይቅና በቢሾፍቱ አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ቀለም የሰጣቸው እሱ ነው፤ ኢትዮጵያዊው የአልጌ ሊቅ ዶክተር አምሃ በላይም ካሊፎርኒያ ውስጥ በስፒሩሊና ምርት ላይ ረጅም ዓመታት ሠርተዋል። የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለችው ቡታጅራ ከእነዚህ ሐይቆች ሩቅ አይደለችም። የጎደለው ዕቃ አይደለም፤ ጠርሙሱን በየቀኑ የሚያይ ሰው ነው።

አሁን ወደ ጨው እንመለስ። አንድ ኪሎ የባሕር ውኃ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ቀይ ባሕር ከዚህ ከፍ ይላል፣ በሰሜኑ 40 ይደርሳል። ለ280 ሊትር ገንዳ ወደ 10 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው ውኃው ሲለወጥ አንድ ኪሎ፣ አንድ ኪሎ። «አፍዴራ ጨው ሞልቶ የለ?» የሚል ይኖራል። ከ35ቱ ግራም 30 ያህሉ በእርግጥ የገበታ ጨው ነው፤ ሶዲየምና ክሎራይድ። የቀሩት 5 ግራም ግን ማግኒዢየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎች ናቸው። ጨዋማ ውኃ በማድረቂያ ኩሬ ላይ ሲተን እነዚህ ይለያያሉ፤ ካልሲየሙ ጂፕሰም ሆኖ ቀድሞ ይወርዳል፣ ቀጥሎ የገበታው ጨው ይረጋል፣ ማግኒዢየሙ መጨረሻ ላይ በሚቀረው መራራ ውኃ ውስጥ ይቆይና አብሮ ይጣላል። ስለዚህ የአፍዴራ ጨው ንጹሕ በሆነ መጠን ባሕርነቱ ይቀንሳል። በእሱ ብቻ በተሞላ ገንዳ ኮራል አጥንቱን መሥራት አይችልም፣ ፒኤቹ ይዋዥቃል፣ ኮፔፖዱም አይራባም። የተቀመመ የአኳሪየም ጨው መግዛት ግድ ነው። ደረቅ ዕቃ ስለሆነ ግን አይበላሽም፤ በጆንያ ወይም በባልዲ ተጭኖ ይመጣል፣ ሱቅ ውስጥ ዓመት ይቀመጣል። ከመርካቶ እስከ ወልቂጤ ስንት ነገር ሲያመላልስ የኖረ ነጋዴ ባለበት አገር 10 ኪሎ ደረቅ ጨው ማስመጣት ከባድ የሚባል አይደለም። ከጂቡቲ የባሕር ውኃ በጀሪካን ልጫን የሚል ካለ ግን ይተወው፤ አንዱ ሊትር ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ በውስጡ ያሉት ሕያዋንም በመንገድ ላይ ሞተው ያገሙታል።

ጨው የሚበጠበጥበት ውኃ ከጨው የበለጠ ያሳስበኛል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ሊኖረው ይችላል። ከስምጥ ሸለቆው ወለል የሚወጣ የጉድጓድ ውኃ በፍሎራይዱ የታወቀ ነው። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው የማጣሪያ መሣሪያ አብዛኛውን ያወጣል፤ ነገር ግን ግፊት ይፈልጋል፣ ከሚያጣራው በላይም ብዙ ውኃ ይጥላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የሚያበሳጭ ነው። አንዳንዱ በዚህ ጊዜ ዓይኑን ወደ ጣራው ያነሣል፤ የክረምት ዝናብ ንጹሕ ነውና። ዝናቡ ንጹሕ ነው፣ ቆርቆሮው ግን በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዝናቡ ትንሽ አሲድነት ስላለው ዚንኩን ያጥባል። ሰው ቢጠጣው ላይጎዳው የሚችለው መጠን ለኮፔፖድና ለኮራል መርዝ ነው። የዝናብ ውኃ መጠቀም የሚፈልግ በንጹሕ ፕላስቲክ ላይ፣ ዝናቡ ጥቂት ከዘነበ በኋላ ይቅዳ። በበጋ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ደረቁ አየር ከገንዳው ውኃ ይወስዳል፤ የሚተነው ግን ውኃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም። የጎደለውን በጨዋማ ውኃ የሚሞላ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ዓሣውን በማያውቀው ባሕር ውስጥ ያገኘዋል። የሚጨመረው ጨው የሌለበት የተጣራ ውኃ ነው።

ስለ ከፍታ ብዙ አይወራም፤ መወራት ነበረበት። ባሕር ማለት ዜሮ ሜትር ነው፤ ቡታጅራ 2,100፣ ወልቂጤ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በቡታጅራ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይወርዳል። 26 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ በባሕር ዳርቻ በሊትር ወደ 6.7 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ሲይዝ፣ ቡታጅራ ላይ 5.2 አካባቢ ነው። አረፋ ብታበዙ ከዚህ ጣራ አያልፍም፤ አረፋ የሚያደርገው ወደ ጣራው ማድረስ ብቻ ነው። ማንዳሪን ራሱ ትንሽና ዝግተኛ ስለሆነ በዚህ አይሞትም። ችግሩ የሚመጣው ባለቤቱ ከውጭ መጽሐፍ ላይ «ለ280 ሊትር ስምንት ዓሣ» የሚል አንብቦ ስምንቱንም ሲያስገባ ነው። ሌሊት አልጌው ራሱ ኦክሲጅን ይስባል፤ ንጋት ላይ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ይገኛሉ። በእነዚህ ከተሞች የዓሣው ቁጥር በግማሽ ቢቀነስ መልካም ነው፤ ለማንዳሪኑም ተሻሚ ይቀንስለታል።

ከሁሉ የሚከብደው መብራት ነው። የኮራል ባሕር 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የቡታጅራ ሌሊት ግን ጋቢ የሚያስደርብ ነው። ስለዚህ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። 280 ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ አንድ ሦስተኛ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሙቀቱ በብርጭቆው በኩል ሲወጣ ያንኑ መመለስ ነው። ወልቂጤ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይቀላታል። መብራት ሲጠፋ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ሙቀቱና የውኃው እንቅስቃሴ። ብዙ ሰው ለሙቀቱ ይደነግጣል። የውኃ ባሕርይ ግን ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ ነው፤ ገንዳው በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ከተጠቀለለ ጥቂት ሰዓት አይጎዳውም። አጣዳፊው እንቅስቃሴው ነው። ፓምፑ ሲቆም በድንጋዩና በማጣሪያው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክሲጅን ያጣሉ፤ ከፍታው አስቀድሞ ያሳነሰውን ጥቂት ኦክሲጅን በቶሎ ይጨርሱታል። ስለዚህ መጀመሪያ መገዛት ያለበት መጠባበቂያ ማሞቂያ አይደለም፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚፈጀው ኃይልም ከአንድ አነስተኛ አምፖል አይበልጥም። ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር ያለው ይበልጥ ይተኛል። ሶላር የሚያስብ ሰው ስሌቱን በጥር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌ ደመና ይሥራው።

የቤታችንም ልማድ አለ። ኮፔፖድ ከነፍሳት ጋር ሩቅ ዝምድና አለው፤ ዝንብና ቁንጫን የሚገድል ፍሊት እሱንም ይገድላል። የአየር ፓምፑ ደግሞ የክፍሉን አየር ስቦ በቀጥታ ውኃ ውስጥ ያስገባል። ወባ በሚያሰጋቸው ቀበሌዎች ለግድግዳ ርጭት የጤና ሠራተኞች ሲመጡ ገንዳው በፕላስቲክ መሸፈን፣ አየር ፓምፑም መጥፋት አለበት፤ ግድግዳው እስኪደርቅና ክፍሉ እስኪናፈስ። ርጭቱን ከልክሎ መመለስ ግን ለዓሣ ሲባል ሰውን ማስነከስ ነው። የቡናው ከሰልም ውኃው ውስጥ ይገባል፤ በተዘጋ ሳሎን ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃው ውስጥ ይሟሟል፣ ፒኤቹንም ያወርዳል። ለሰውም ስለማይበጅ መስኮት መክፈት ይበቃል። ዕጣኑን ማስቀረት የሚጠይቅ የለም።

ስለ ማስቀመጫው ጥቂት። 280 ሊትር ውኃ ከድንጋዩና ከመስታወቱ ጋር 400 ኪሎ ይጠጋል። የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም። ሊሾ ወለል ላይ በብሎኬት የተሠራና የተስተካከለ መቆሚያ ከማንኛውም የተገዛ ዕቃ ይሻላል፤ ፎቅ ላይ ከሆነ ምሰሶና ግድግዳ አጠገብ።

ዓሣው ራሱ የሚመጣው በአውሮፕላን ነው፤ ሦስት እጅ ኦክሲጅን፣ አንድ እጅ ውኃ ባለው ፌስታል ውስጥ። ሕይወት ያለው እንስሳ ስለሆነ የማስገቢያ ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ቦሌ ላይ የሚቆይበት እያንዳንዱ ሰዓት ከዕድሜው ይቀነሳል። ከዚያ አዲስ አበባ–ጅማ መንገድ ላይ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ወልቂጤ፣ ወይም በሆሳዕናው መንገድ 130 ያህል ወደ ቡታጅራ። አንድ ምርጫ እዚህ ላይ ሁሉን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ወዲህ በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉ ማንዳሪኖች ለገበያ ቀርበዋል፤ በፍሎሪዳ ያለ አንድ የዓሣ ማርቢያ ቀዳሚ ነበር። እነዚህ ከሕፃንነታቸው የቀዘቀዘ የዓሣ እንቁላልና ደቃቅ መኖ ለምደው ያድጋሉ። ከባሕር የተያዘው ይህን በግድ ይማራል፣ ወይም ሳይማር ይሞታል። ዋጋቸው ይበልጣል፤ ባይገኙ ግን ከባሕር የተያዘውን ከማምጣት ባይመጣ ይመረጣል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ሌላ ያማረ የለም?» የሚል ሰው ቢኖር፣ አለ፤ እንዲያውም ወደ እኛ ታሪክ የቀረበ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር ዘልቋል፤ የግዕዝ ብራናዎችን ሰብስቦ ወደ ፍራንክፈርት ወስዷል፤ የጣናን ዓሦችና የቀይ ባሕርን ዓሦችም በዚያው ጉዞ ለሳይንስ አስመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1835 ከገለጻቸው አንዱ ሲዩዶክሮሚስ ፍላቪቨርቴክስ የተባለው ነው፤ ጎኑ ሰማያዊ፣ ከአናቱ እስከ ጀርባው ደማቅ ቢጫ፣ ርዝመቱ ከማንዳሪን ጋር የሚቀራረብ። የሚኖረው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። የቀዘቀዘውንም የደረቀውንም ይበላል፣ በእጅ የተራባው በገበያ ይገኛል፣ አዲስ ገንዳም አይገድለውም። ጠባዩ ግን ኃይለኛ ነው፤ ዋሻውን ለማንም አያስነካም፣ ኮፔፖድም አይንቅም። ከማንዳሪን ጋር አንድ ላይ ማስገባት አይቻልም። ሁለቱንም የሚፈልግ ሁለት ገንዳ ያስፈልገዋል። ለእኔ ምርጫው ከባድ አይደለም፤ ቡታጅራ ላይ የመጀመሪያው የባሕር ገንዳ የሚገባው ለሩፔል ዓሣ ነው። ማንዳሪኑ ቆንጆ ነው፣ ነገር ግን የጀማሪን ስሕተት አይሸከምም።

ከዚያም በፊት የሚመጣ አለ። ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ዝዋይ የሚወርደው የመቂ ወንዝ በዓሣ ሳይንስ ስሙ ያለ ወንዝ ነው፤ ቡላንዠ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 ጋራ ከሚባለው ወገን አንዱን ዓሣ በዚህ ወንዝ ስም ጠርቶታል። ዘመዶቹ በግቤ ተፋሰስም አሉ፤ ከወልቂጤ ብዙ ሳይርቁ። ከአገጩ በታች መምጠጫ አለው፤ በእሱ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ በጎርፍ ውስጥ ቆሞ አልጌ ይግጣል። ቀለሙ አፈርማ ነው፣ ማንም ለውበቱ አይከፍልበትም። ማሞቂያ ግን አይፈልግም፣ ጨው አይፈልግም፣ በቡታጅራ ከፍታና ብርድ ተወልዷል። የሚጠይቀው ብርቱ የውኃ ፍሰት፣ ፀሐይ የመታው አልጌ የያዘ ድንጋይና ጥብቅ ክዳን ነው፤ እርጥብ መስታወት ላይ በመምጠጫው እየተሳበ ይወጣልና። በ100 ሊትር ገንዳ ውስጥ ሁለት ሦስቱን ያኖረ ሰው ፓምፕ ሲቆም ምን እንደሚሆን፣ የቧንቧው ውኃ ምን እንደያዘ፣ ቤተሰቡ ፍሊት ሲነፋ ማን እንደሚነግረው ያውቃል። ይህንን ሳያውቁ 10 ኪሎ ጨው መበጥበጥ ጨውን ማባከን ነው።

እስከዚያው የኮፔፖዱ ጠርሙስ መስኮት ላይ ይቆይ። የባሕሩ ገንዳ ተሞልቶ ከከረመ በኋላ ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የገንዳው መብራት ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ በእጅ ባትሪ መስታወቱንና ድንጋዩን ማየት። ኮፔፖድ ሌሊት ይወጣል። ብርሃኑ ባረፈበት ሁሉ ነጫጭ ነጥቦች የሚሯሯጡ ከሆነ፣ ይህም በተለያየ ሳምንት ደጋግሞ ከታየ፣ ማንዳሪኑ ይታዘዝ፤ አንድ ብቻ። እዚህም እዚያም ጥቂት ነጥብ ብቻ ከታየ ዘሩን ከጠርሙሱ ጨምሮ ሌላ ሁለት ወር መጠበቅ ነው። ዓሣው ከገባ በኋላም ጠርሙሱ አይነሣም፤ በየሳምንቱ ግማሹ እየተጣራ ማታ ማታ ፓምፑ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ በድንጋዮቹ መካከል ይፈስሳል፣ ጠርሙሱም እንደገና ይሞላል። የዓሣው ሆድ በየሳምንቱ ከላይ ይታያል።